ጥንቸሏን ሳይሆን ቅርጫቷን አንሱ፦ ለፈሪ ጥንቸል የትኛው ማጓጓዣ ይሻላል?

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፤ ግቢ ሰፋ ባለበት ሁሉ ጥንቸል ቀን ቀን ተለቃ ሣር ስትግጥ ትውላለች። ችግሩ ማታ ነው። ከመሸ ጅብ አለ፣ ሸለምጥማጥ አለ፣ የሰፈር ውሻ አለ፤ ስለዚህ ቤት መግባት አለባት። እሷ ግን አትያዝም። ሁለት ልጅና አንድ ዘበኛ በጓሮ ሲያሯሩጧት ቆይተው አጥሩ ጥግ ያስገቧታል፣ አንዱ ከላይ ላፍ አድርጎ ያነሳታል፣ እሷም ትራገጣለች፣ ትቧጭራለች። በማግስቱ ገና ሰው ሲጠጋት መሸሽ ትጀምራለች። በየቀኑ እንዲህ የምትያዝ ጥንቸል ሰው ትለምዳለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ በየቀኑ የምትማረው ሰው አዳኝ መሆኑን ነውና።

እዚህ የተገመገሙት እንዲህ ላለችው ጥንቸል ይሆናሉ ተብለው በብዛት የሚያዙ አራት ዕቃዎች ናቸው፦ ካርቶን፣ የዶሮ ማጓጓዣ ሳጥን፣ ከውጭ የሚመጣው የድመት ማጓጓዣ ፕላስቲክ እና ባለክዳን የቀርከሃ ቅርጫት። ዘንቢልና ማዳበሪያ አልተካተቱም። ሁለቱም ወለል የላቸውም፤ ጥንቸሏ መሐል ላይ ተጣጥፋ ትንጠለጠላለች፣ ማዳበሪያው ደግሞ አየር ያሳጣታል። በእነዚህ ጥንቸል አታጓጉዙ። ዋናው መመዘኛ ጥንቸሏ በገዛ እግሯ ትገባበታለች ወይ የሚለው ነው። በእግሯ ከገባች የሚነሳው ዕቃው ነው፤ እሷን የሚነካት የለም።

ለምን እንደምትፈራ ሳያውቁ ዕቃ መምረጥ አይቻልም። የጥንቸል ዓይኖች በራሷ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ከኋላም ከላይም የሚመጣውን ታያለች። የማታየው አፍንጫዋ ፊት ያለችውን ትንሽ ቦታና አገጯ ሥር ያለውን ብቻ ነው። እጅ ቀጥ ብሎ ወደ አፍንጫዋ ሲመጣ ከዕይታዋ ይጠፋና ድንገት ይነካታል። ከላይ ሲመጣ ደግሞ ለእሷ ጭልፊት ነው። አጥንቷም ቀላል ነው፤ ከሰውነቷ ክብደት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ የድመት ግን ከ12 በመቶ በላይ ነው። የኋላ እግሯ ጡንቻ በአንጻሩ ብርቱ ነው። ስለዚህ መቀመጫዋ ሳይደገፍ በአየር ላይ ስትራገጥ የራሷ ጉልበት የወገቧን አከርካሪ ሊሰብር ይችላል። «ከእጄ ወደቀች» ከሚባሉት ጥንቸሎች አንዳንዶቹ ከመውደቃቸው በፊት የተጎዱ ናቸው።

ካርቶን ለጉዞ አይሆንም። ሽንቷ ታችውን ያርሰዋል፣ ሲያነሱት ወለሉ ይከፈታል፤ ጎኑንም በጥርሷ በስታ ትወጣለች። ለማለማመድ ግን ከካርቶን የሚሻል የለም፣ ዋጋውም ምንም ነው። በሁለት ተቃራኒ ጎን 15 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ መግቢያ ቁረጡ። ሁለት መግቢያ ያስፈለገው ማምለጫ የሌለውን ጉድጓድ ስለማትደፍር ነው። ፕላስተሩን፣ የብረት ስፒሉንና የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ቀድማችሁ አንሱ፤ ያገኘችውን ታኝካለች።

የዶሮ ማጓጓዣ ሳጥኑ አየር እንደልብ ይሰጣል፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ለአንድ ፈሪ ጥንቸል ግን ሦስት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ወለሉ ቀዳዳ ስለሆነ ጥፍሯ ይያዛል። ሁለተኛ፣ የላይኛው በር ጠባብ ስለሆነ በዚያ ለማስገባት ጥንቸሏን አንስቶ ማጥለቅ ያስፈልጋል፤ ልናስቀር የፈለግነው ደግሞ ይኼንኑ ነው። ሦስተኛ፣ ለአንዲት በጣም ሰፊ ነው፤ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትንሸራተታለች። ተዋደው አብረው የሚኖሩ ሁለት ጥንቸሎች ካሏችሁና የራሳችሁ መኪና ካለ ግን ጥሩ ነው። ወለሉን በወፍራም ካርቶን፣ ከላዩ በብርድ ልብስ ቁራጭ ሸፍኑት፤ ሦስቱን ጎን በነጠላ አልብሱ። ሁለቱን ለያይቶ መውሰድ ስህተት ነው። መንገድ ላይ ተጠጋግተው መቀመጣቸው ያረጋጋቸዋል፤ አንዷ ብቻ ሐኪም ዘንድ ደርሳ ስትመለስም የቀረችው ባዕድ ሽታ ሸታ ልትጣላት ትችላለች።

የድመት ማጓጓዣው ፕላስቲክ ከአራቱ ውዱ ነው። ሰዎች ውድ ስለሆነ ይሻላል ብለው ይገዙታል፤ እውነቱ ግን በሩ የት እንዳለ ይወሰናል። በሩ ፊት ለፊት ብቻ ከሆነ ጥንቸሏ ወደ ኋላ ግድግዳ ተለጥፋ ስትቀር እጅ ሰዶ መጎተት ይመጣል። ከላይም የሚከፈት፣ ወይም የላይኛው ግማሽ በሙሉ ተነስቶ የሚወጣ ካልሆነ አትግዙ። ሻጩ ፊት 3 ኪሎ ዱቄት አስገቡና እጀታውን ይዛችሁ አወዛውዙት። ክብደቱን የሚሸከመው ሁለቱን ግማሾች የያዘው የጎን መቆለፊያ ስለሆነ ደካማው ወዲያው መላቀቅ ይጀምራል። ዕቃው እጃችሁ ላይ ካለና መቆለፊያው ካላስተማመናችሁ ዙሪያውን ከሥር ጭምር በጠፍጣፋ ቀበቶ እሰሩት። የአየር ቀዳዳው ቢያንስ በሦስት ጎን ይሁን። ወለሉ እንደ መስተዋት ያንሸራትታል፤ ያለ ምንጣፍ አይታሰብም።

አሁን ወደ ቀርከሃው ቅርጫት። ከአራቱ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ግን መንገድ ዳር ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ክቡ ቅርጫት ሳይሆን በልክ ታዝዞ የሚሠራው። ለቀርከሃ ሠሪው የሚነገረው ይኼ ነው፦ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ሲለካ ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 35፣ ከፍታው 35 ሴንቲሜትር። ይህ ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ለምትመዝን ጥንቸል ነው፤ ገብታ መዞርና ተዘርግታ መተኛት ትችላለች፣ ግን አትንገላታም። ለትልቅ ዝርያ ርዝመቱ ወደ 60 ይደግ። ክዳኑ ላዩን በሙሉ የሚከፍት፣ በአንድ ወገን በጠፍር ወይም በሲባጎ የታሰረ ይሁን። ከጠባቡ ጎን በአንዱ ደግሞ 18 ሴንቲሜትር ስፋትና 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ወደ ላይ የሚሳብ በር ይኑረው። በእግሯ የምትገባው በዚህ ነው፤ ሐኪሙ የሚያያት በክዳኑ በኩል ነው።

እጀታው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሐል ላይ ያለ አንድ እጀታ ቅርጫቱን እንደ ጥና ያወዛውዘዋል። በጫፍና ጫፍ ሁለት እጀታ ይሠራ፤ በሁለት እጅ ተይዞ ደረት ላይ ተደግፎ ይሄዳል። ምስማር ካለ ጫፉ ወደ ውጭ ይታጠፍ። ቫርኒሽ ይቅር፣ ምክንያቱም ታኝከዋለች። ቀርከሃውን መቆርጠሟ ራሱ አይጎዳትም፤ በየወሩ የተበላውን ቦታ አይቶ ስንጥሩን መላግ ግን ያስፈልጋል። ትልቁ ጉድለቱ እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ከነረጠበ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ወለሉ የዕቃውን ያህል ክብደት ይሰጠው። እግሯ ሲንሸራተት ጥንቸል ትደነግጣለች፤ ብዙ ጊዜ «ቅርጫቱን ጠላችው» የሚባለው ወለሉን ጠልታ ነው። ከታች ሦስት አራት ንብርብር ጋዜጣ፣ ከላዩ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሁለት ጭብጥ ድርቆሽ። ፎጣ አይሁን፤ የክሩ ቀለበት ጥፍሯን ይይዛል። የጤፍ ጭድም ያንሸራትታል። ድርቆሹን ስትገዙ አንድ ጭብጥ አውጡና አራግፉ። ነጭ ብናኝ ከተነሳ ወይም የምድር ቤት ሽታ ካለው ሻግቷል። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ስለሆነ ብናኝ ይከብዳታል። አረንጓዴው ያልጠፋ፣ ሽታው የመስክ የሚመስል ድርቆሽ ይሻላል፤ ሱሉልታ ዙሪያ ላለ ሰው ይህን ማግኘት ችግር አይደለም።

ማለማመዱ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ በጣም የተጎዳች ከሆነች ወርም ሊሆን ይችላል። ቅርጫቱ ክዳኑና በሩ ተከፍቶ፣ ዘወትር በምትቀመጥበት ጥግ ይቀመጥ። መጀመሪያ ሦስት ቀን ማንም አይነካውም፣ እሷንም ማንም አያስገባትም። ድርቆሿ ግን ከዚያ ወዲያ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ብቻ ይሁን። በአራተኛው ቀን የማታ ቅጠሏ፣ ሰላጣ ወይም የድንብላል ቅጠል ወይም በሶብላ፣ መግቢያው ላይ ይደረግ። በየቀኑ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ውስጥ እየገፋችሁ ሄዳችሁ በስተመጨረሻ ከበሩ ማዶ ያለው ጥግ ላይ አድርሱት። ሰዓቱ አይለዋወጥ። ጥንቸል የምትነቃቃው ንጋትና ምሽት ላይ ስለሆነ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ተስማሚ ነው፤ ከቤት የምትገባበትም ሰዓት እሱ ነው። ቅጠሉን ስታስቀምጡ አንድ የተለየ ድምፅ አሰሙ፤ ጣሳ ማንኳኳት ይበቃል። ከሳምንት በኋላ ጣሳው ሲንኳኳ ከጓሮው ጫፍ ትመጣለች።

ከዚያ በሩ ይጀመራል። እየበላች ሳለ ዝቅ አድርጉትና 10 ሰከንድ ቆይታችሁ ክፈቱ። በማግስቱ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ። ሁልጊዜ የሚከፈተው ቅጠሉ ሳያልቅባት ነው፤ ካለቀ በኋላ ታስራ ከጠበቀች ትምህርቱ ይበላሻል። አምስቱን ደቂቃ በሰላም ከቆየች ቅርጫቱን በሁለት እጅ 5 ሴንቲሜትር ብቻ አንሱና መልሳችሁ አስቀምጡ። ቀጥሎ እስከ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሦስት እርምጃ፣ ቀጥሎ እስከ ቤቱ በር። እያንዳንዱ የማንሳት ደረጃ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ።

ወደሚቀጥለው ማለፍ ያለባችሁ መብላቷን ካልተወች ብቻ ነው። ጥንቸል ስትፈራ መጀመሪያ ማኘኳን ታቆማለች፤ ከዚያ ጆሮዋ ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል፣ ዓይኗ ይፈጣል፣ ነጩ ይታያል፣ ሰውነቷ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይደነድናል። ዝም ማለቷን እንደ መልመድ የሚቆጥር ብዙ ነው። መልመዷ የሚታወቀው አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ፣ ስታኝክ፣ ፊቷን ስታጥብ፣ የኋላ እግሯን ዘርግታ ስትተኛ ነው። በኋላ እግሯ ወለሉን ከደበደበች አደጋ አለ ማለቷ ነው፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።

እንዲያም ሆኖ በእጅ መያዝ የሚያስፈልግበት ቀን አለ፤ ጥፍር ሲቆረጥ፣ ሐኪም ሲመረምር፣ እሳት ሲነሳ። ለዚያ የሚደረገው ልምምድ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። ቆሞ የሚጎነበስ ሰው ግንብ ነው። እጃችሁን ከጎን አምጥታችሁ ግንባሯንና ጉንጯን ዳብሱ፤ አገጯን፣ ሆዷንና እግሯን ተዉት። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ፤ ከዚያ በላይ አይጨመር። ስትለምድ አንድ እጅ ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷ ሥር፣ ሌላው እጅ መቀመጫዋ ሥር ይግባ፤ ሳታነሱ አንድ ሰከንድ ብቻ ይቆይና ቅጠል ይሰጣት። ማንሳት ሲመጣ ሁለቱም እጅ አብሮ ይነሳል። ወዲያው ደረታችሁ ላይ ትለጠፍ፣ ፊቷ ክርናችሁ መታጠፊያ ውስጥ ይደበቅ፤ ጨለማው ያረጋጋታል። ስትወርድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው መቀመጫዋ ነው። ፊቷ ወደ መሬት ከሆነ ገና ከ30 ሴንቲሜትር ላይ ትዘላለች፣ ያኔም ልትጎዳ ትችላለች። ቅርጫት ውስጥም በክዳኑ በኩል ከገባች እንዲሁ፣ መቀመጫዋ ቀድሞ ነው።

ልጆች ቆመው አይያዟት። መሬት ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸውን ይዘርጉ፣ ጥንቸሏ ከፈለገች ራሷ ትወጣባቸዋለች። ጆሮ ይዞ ማንሳት በየትም ቦታ ክልክል መሆን ያለበት ነገር ነው፤ ጆሮዋ በደም ሥር የተሞላ፣ ሙቀቷን የምታስወጣበት ስስ አካል ነው። በጀርባዋ አስተኝቶ «ማስተኛት»ም እንቅልፍ አይደለም። አዳኝ እጅ የገባች ጥንቸል እንደሞተች የምትሆነው ነው፤ ትደርቃለች እንጂ አትረጋጋም።

መንገድ ሲመጣ፣ ከመነሳቷ በፊት ማስራብ አይገባም። ጥንቸል ማስታወክ አትችልም፣ አንጀቷ ደግሞ ባዶ ሲሆን ይቆማል፤ ስለዚህ ድርቆሽ እስከ መጨረሻው ከፊቷ ይኑር። ውኃ በሳህን ቢደረግ ይደፋና ያርሳታል፤ በምትኩ በውኃ የተነከረ ሰላጣ አስቀምጡና ሲቆም ውኃ አቅርቡላት። በመኪና ከሆነ ቅርጫቱ ከፊት ወንበር ኋላ ወለሉ ላይ፣ ርዝመቱ ወደ መኪናው ጎንና ጎን ሆኖ ይግባ፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫዋ ሳይሆን ጎኗ ግድግዳውን ይደገፋል። በባጃጅ ከሆነ ሞተሩ ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩ ላይ ሙቀቱም ንዝረቱም ይበረታል። እግር ሥር ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉና ቅርጫቱን በሁለት እግራችሁ መሐል አድርጉት። ኮብልስቶኑ ላይ ባለባጃጁ ቀስ እንዲል ቀድሞ ይነገረው። ነጠላ ላዩን ይሸፍን፣ አንዱ ጎን ግን ለአየር ክፍት ይሁን። ሚኒባስ ላይ ሰልፍ በሌለበት ሰዓት ሁለት ወንበር ከፍላችሁ ተቀመጡ። ፖርቶመጋላ ላይ ረዳቱ «ምንም አይሆንም» ቢልም ጥንቸል አይጫንም።

ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የሚወስድ ካለ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቢሾፍቱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሞቃት ከተማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። ጥንቸል ብርድ ትችላለች፣ ሙቀት ግን ይገድላታል፤ ከ28 ዲግሪ በላይ አደጋ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ለአምስት ደቂቃም አትተዋት። አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ወይም ጆሮዋ ሲግል ካያችሁ ጆሮዋን ቀዝቀዝ ባለ፣ ግን በረዶ ባልሆነ ውኃ አርጥቡና ጥላ አግቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ቤት ከደረሰች በኋላ ቅርጫቱ የነበረበት ቦታ ይመለስ፣ በሩ ይከፈት፣ በራሷ ትውጣ። በዚያ ማታ ሁለት ነገር ይታይ፤ መብላቷና በጠጧ። 12 ሰዓት ሙሉ ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች፣ ወይም ጥርሷን ጮክ ብላ ካፋጨች፣ እስኪነጋ አይጠበቅም። ደህና ከሆነች ያለው ሥራ ማጽዳት ነው። የደረቀው ነጭ የሽንት ዝቃጭ በአቼቶ ይለቃል፤ አንዱን እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩትና በብሩሽ እሹት። በረኪና አትንኩ፣ ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ብርድ ልብሱ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠብ። ከድርቆሹ ግን ያልረጠበውን አንድ ጭብጥ አስቀሩና አዲሱ ላይ በትኑት፤ የራሷን ሽታ ያገኘችበት ቅርጫት በማግስቱ ማታ ጣሳው ሲንኳኳ ትገባበታለች። ለሁለት ቀን በሩ አይዘጋባት።